ዓሣ አይጾምም

የካቲት 17፣ 2017፣ ሰኞ

ሁዳዴ ገባ። እኔም ዛሬ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ቤቴ የቀረችኝን ዕቃ አስጭኜ ጠቅልዬ ሐይቁ ዳር ቡሹሎ ገባሁ። ባለቤቴ ሽፈራው ባለፈው ክረምት ካረፈ ወዲህ ያ ቤት ሰፍቶኝ ነበር፤ ብቻውን የቀረ ሰው ከግድግዳ ጋር ይጣላል። እዚህ ቢያንስ ሄራን አለች። አንድ ልጄ ናት፤ ዓሣ ታረባለች። ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ይህን ስመልስ አብረውኝ ያስተማሩ የድሮ ጓደኞቼ ፊታቸውን አዙረው ይስቃሉ። ይሳቁ።

አባቷ በተወላት መሬት ላይ ሁለት ኩሬ አስቆፍራለች። የላይኛው ከመንገዱ በኩል ነው፤ የታችኛው ከጓዳዬ በር ፊት ለፊት ነው። ሁለቱም ውስጥ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አለ። ውሃው ከጅረቱ በቦይ ይመጣል፤ አሁን በጋ ስለሆነ ቀጥኗል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ጥቂት ጥቂት ነው የምትቀይረው። የሚወጣውን አሮጌ ውሃ ወደ ሐይቁ አትለቅም። መጀመሪያ ቆሻሻውን የሚያጣራ ፊላ በተከለችበት ሰፊ ቦይ ውስጥ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ጎረቤታችን ወደ አሸናፊ የሽንኩርት ማሳ ይገባል። የአሸናፊ ሽንኩርት በዚህ ውሃ ነው የሚኖር። ሐይቁ መውጫ የለውም እማዬ፣ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል ትለኛለች። ቁጣዋ ሁሉ በዚህ ነው። የአባቷ ልጅ።

አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ሰጥቷት እስከ ፋሲካ ታገሡኝ ብላቸዋለች። ዓሣው ከሆነ ትቀራለች፤ ካልሆነ ትሄዳለች። እራት ላይ እንደ ቀላል ነገር ነው ያወራችኝ። እኔም እንደ ቀላል ነገር ሰማሁ፤ ይኸው እስካሁን ዓይኔ አልተከደነም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ሰላማዊት የምትባል የምግብ ቤት ባለቤት ከከተማ መጥታ ዓሣውን አየች። በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ትቼዋለሁ፤ እኔ አልበላም፤ ከተማው ግን ይበላል፤ ሄራንም ተስፋዋ በእሱ ነው። ሴትዮዋ በመረብ የወጣውን አንዱን በእጇ መዘን መዘን አደረገችና ዓሣዎቻችሁም ሁዳዴ ይዘዋል እንዴ አለች። ሄራን ሳቀች፤ ከደብረ ዘይት በኋላ ይደርሳሉ፣ አላስቸኩላቸውም አለቻት።

እኔ ግን አልሳቅኩም። የልጄን ከብት ከሳ ያሉብኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ሄራን ከቀትር በኋላ ከተማ ትወርዳለች። እኔ በዘጠኝ ሰዓት ጾሜን እፈታለሁ፤ ብቻዬን። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ እኔስ በዚህ ዕድሜዬ እንዴት ልልመደው? ሽፈራው በመጨረሻው ጊዜ ምግብ እንቢ ብሎኝ ነበር። አፉን እንደ ሕፃን ልጅ ግጥም አድርጎ ይዘጋብኝ ነበር። ማንኪያ ይዤ የቆምኩበት ያ ሰዓት አሁንም ከእጄ አልወጣም።

ዛሬ የተረፈችኝን የእንጀራ ድርቆሽ በውሃ አርሼ በጓዳ በር ወጣሁ፤ ለወፎቹ ልበትን ብዬ ነበር። ጥቂት ኩሬው ውስጥ ወደቀ። ውሃው እንደ ንፍሮ ድስት ተንተከተከ። እየተጋፉ፣ እየተላለፉ፣ አፍ በአፍ ሆነው በሉልኝ። ድምፅ አውጥቼ ሳቅኩ፤ ቆይቼ ነው የራሴ ሳቅ መሆኑ የገባኝ።

ትንሽ ድርቆሽ ናት። ዓሣ መቼም አይጾምም።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። ገበያ ሄጄ መጣሁ። ድርቆሽ ገዛሁ፣ ትንሽ ፉርሽካም ጨመርኩ። ሻጯ ለከብት ነው ወይ አለችኝ፤ ለቤት ነው አልኳት። ጓዳ ከበርሜሉ ጀርባ አስቀመጥኩት፤ አይጥ እንዳያገኘው ነው።

አሁን ኮቴዬን ለይተው ያውቃሉ። በር ስከፍት ይሰበሰባሉ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ ልጸልይ ወጥቼ የታችኛውን ኩሬ አየሁት። ዓሣዎቹ በሙሉ ወደ ላይ ወጥተዋል። አፋቸውን ከውሃው በላይ አድርገው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ርቧቸው ነው ብዬ ከጓዳ አንድ ጭብጥ አምጥቼ በተንኩላቸው። አልበሉም። ሌላ ጨመርኩ። አልበሉም።

ሄራንን ቀሰቀስኳት። ፀጉሯን እንኳን ሳትሰበስብ በባዶ እግሯ ሮጠች። በረጅም እንጨት ጫፍ የቸነከረችው ነጭ ሰሐን አላት፤ ውሃ ውስጥ ታስገባዋለች፤ ሰሐኑ የሚሰወርበትን ጥልቀት አይታ የውሃውን ጤና ታውቃለች። ወዲያው እንደገባ ጠፋ። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ የአተር ክክ መስሏል። ራበን እያሉ አይደለም እማዬ፣ ታፍነው ነው አለችኝ። ዓሣው ያልበላው መኖ ታች ወርዶ ሲበሰብስ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል፤ ሌሊት ደግሞ ውሃው ውስጥ የበቀለው አረንጓዴ ራሱ አየር ይሻማቸዋል፤ ንጋት ላይ ምንም አይቀርላቸውም። ይህን ሁሉ ውሃውን በሳንቃ እየደበደበች ነው ያስረዳችኝ። እኔም ሌላ ሳንቃ ይዤ አብሬያት ደበደብኩ። ፀሐይ ስትወጣ ወደ ታች ተመለሱ።

የላይኛው ኩሬ ምንም አልሆነም። አንድ ቦይ፣ አንድ ውሃ፣ ያው መኖ፤ ለምን ይሄኛው ብቻ? እያለች ቀኑን ሙሉ ስትዞር ዋለች።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ምሳ ላይ ድንገት እንዲህ አለችኝ፤

«እማዬ፣ የጨመርሽላቸው ነገር አለ?»

«እኔ ምን አግብቶኝ!» አልኳት።

ውሸት አልተናገርኩም። እሷ ጠየቀች፣ እኔ ምን አግብቶኝ አልኩ። ደግሞስ እሷ መኖ ማለቷ ነው፤ ድርቆሽ መኖ ነው እንዴ? ሰው የሚበላው ነገር ነው።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ለሁለት ቀን አልሰጠኋቸውም። ይህን ልብ ይሏል።

ዛሬ ግን ሄራን የታችኛውን መኖ በግማሽ ቀነስኩት አለችኝ። ግማሽ! ከተማ ስትወርድ ብቅ ብዬ አየኋቸው። መጡ። ያንን ሁሉ አፍ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። የሰላማዊት ነገርም አለ፤ ሁዳዴ ይዘዋል እንዴ ያለችው፤ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ከደብረ ዘይት በኋላ መጥታ ያኔም ከስተው ብታገኛቸው ልጄ ሻንጣዋን ልትሸክፍ አይደል? እሷ የቀነሰችውን ያህል ብቻ ነው የመለስኩላቸው። ምናልባት ከዚያ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ስመለስ አሸናፊ ሽንኩርቱን ሲኮተኩት ቀና ብሎ በእጁ ሰላም አለኝ። እኔም መለስኩለት። ሳሕኑን በነጠላዬ ለምን እንደሸፈንኩት አላውቅም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ማታ ደመና ነበር፣ ነፋስ የሚባል የለም። ጠዋት የታችኛው ኩሬ በሙሉ ነጭ። ሆዳቸውን ገልብጠው። ሄራን ውሃ ውስጥ ገብታ በሁለት እጇ እያነሣች። አላለቀሰችም።

መጻፍ አልቻልኩም።

መጋቢት 12፣ ዓርብ፣ ማታ

ሁለት ቀን ሙሉ ስንቀብር ዋልን። ሽታው ከልብሴ አልወጣም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ያንን ረጅም ማንቁርታቸውን አንጠልጥለው አጥሩ ላይ ተደርድረዋል፤ ሄራን በድንጋይ ብታባርራቸው ተመልሰው ያርፋሉ። ለሰላማዊት ደውላ ከታችኛው ኩሬ አትጠብቂ አለቻት። ከላይኛው የሚወጣው ለአንድ ሳምንት አይበቃም።

ቀኑን ሙሉ እየደጋገመች የሠራችውን ሁሉ ለራሷ ታወራለች። የውሃው ልክ፣ የመኖው ልክ፣ የዓሣው ብዛት። ልክ ነበርኩ፣ የት ላይ ነው የሳትኩት ትላለች። ቆይታ ደግሞ ያወቅኩ መስሎኝ ነው እንጂ ምንም አላውቅም አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ የእሷ አልነበረም። እኔ ቆሜ ጎመን እከትፍ ነበር። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ብዪ እንጂ፣ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመስሽም አልኳት። ሌላ ነገር ከአፌ ሊወጣልኝ አልቻለም።

ከሰዓት በኋላ ዓይኗ አሸናፊ ማሳ ላይ አረፈ። ማክሰኞ ዕለት ሽንኩርቱን መድኃኒት ሲረጭ አይታዋለች፤ ማሳው ከታችኛው ኩሬ ጋር ድንበርተኛ ነው፣ ከላይኛው ግን ሩቅ ነው። ተገጣጠመላት። ሄዳ ተናገረችው፤ እኔም ከኋላዋ ነበርኩ። እሱ ረጋ ብሎ፣ የእኔ መድኃኒት ወደ ኩሬ አልሄደም፣ ነፋስ ወደ ሐይቅ ነበር አላት። አማርኛው አጭር ነው፤ ሰውዬውም አጭር ነው። ስትቆጣ ወደ እኔ አየ። ጎንበስ ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ሄራን በአሸዋ በተሞላ ጆንያ ወደ ማሳው የሚሄደውን ቦይ ደፈነችው። እውነቱ እስኪወጣ ጠብታ አያገኝም አለች።

ነገ እነግራታለሁ።

መጋቢት 14፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

አልነገርኳትም። ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ሩት መጣች፣ የአሸናፊ ሚስት። ጴንጤዎች ናቸው፣ የእኛን ጾም አይጾሙም። አንድ እቅፍ ጎመን ይዛ መጥታ፣ ጾም ነው ብዬ ነው እማማ፣ ይብሉት አለችኝ። ውሃ በተዘጋባት በአራተኛው ቀን። ቅጠሉ ጠውልጎ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ስለ ውሃው አንድ ቃል አላነሣችም፤ ስለ ጉልበቴ ነው የጠየቀችኝ። አጥር ጋ ስሸኛት ሽንኩርቱን አየሁት፤ ጫፉ ተቃጥሎ መተኛት ጀምሯል። በልግ ዘንድሮ ደመና ብቻ ነው የያዘልን።

ጎመኑን ሠራሁት። አልዋጥ አለኝ።

ብናገር ምን ይጠቅማል? የሞተ ዓሣ አይነሣ። እሷ ግን ትሄዳለች። በእናቴ እጅ ነው የጠፋሁት ብላ ትሄዳለች። ዝም ብል ደግሞ ያው ትሄዳለች፤ ምንም አላውቅም ብላ። በሁለቱም በኩል አጣኋት። ታዲያ ዝም ያልኩት ለማን ነው? ይህን ጥያቄ ጽፌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ መልሱን ግን ልጽፈው አልፈለግኩም።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እዚህ አገር ጎረቤት ሲጣላ መጀመሪያ ሽማግሌ ነው፤ ሄራንም ይሁን ብላ መጣች። የመሩት አቶ ደምሴ ናቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን እንደ ጥንቸል የሆነ ሰው። ሃላሌ አሉ መጀመሪያ። በሲዳምኛ እውነት ማለት ነው። ሰው ሃላሌን ሸሽጎ እህል ቢዘራ እህሉ አይባረክለትም፣ ስለዚህ የሚያውቅ ይናገር አሉ፤ ለእኔና ለሄራን ብለው በአማርኛ ደገሙት።

ሄራን በጨዋ ደንብ ተናገረች። አሸናፊም ተናገረ፤ መድኃኒት የረጨው ከኩሬው ርቆ እንደሆነ፣ የረጨበትን ቀንም ነፋሱንም። ከዚያ አቶ ደምሴ፣ ሌላ ሰው ኩሬው ጋ ሲመላለስ አይተሃል ወይ ብለው ጠየቁት።

አሸናፊ መሬት እያየ መለሰ።

«አይቻለሁ» አለ። «ግን ትልቅ ሰው ነው። እኔ በትልቅ ሰው ላይ አልናገርም። ራሱ ይናገር።»

ማን እንደሆነ ቢጠይቁት እንቢ አለ። ሽማግሌዎቹም አላስገደዱትም፤ ለሃላሌ ጊዜ እንስጣት ብለው ለሚመጣው ቅዳሜ ቀጠሩ። ሄራን መንገድ ላይ ማን ይሆን፣ ማን ይሆን እያለች የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ ቆጠረች። እኔ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁ።

ሽንኩርቱ እየደረቀ፣ ስሜን አልጠራም።

መጋቢት 21፣ እሑድ፣ ገብር ኄር

ቄሱ በጥቂቱ ስለታመነው አገልጋይ አስተማሩ። ይህን ወንጌል ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ ሁልጊዜ ራሴን የማስቀምጠው ከታማኞቹ ወገን ነበር። ዛሬ ዓምዱ ጥግ ተደግፌ መግቢያ አጣሁ።

ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ። ለሄራን ብዬ ነበር የምለው፤ እንዳትሄድብኝ ብዬ፣ ዓሣው እንዲደርስላት ብዬ። እሱም እውነት ነው። ግን እውነት እውነቱን ከተናገርን ዓሣዎቹ ስለሚበሉልኝ ነበር። ሰው እንቢ ያለኝን እነሱ እየተጋፉ ይቀበሉኝ ነበር። የእኔን ሆድ ነበር የማበላው።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ራት ላይ ሄራን አልኳት። ወይ አለች። ሹሮው ጨው አንሶታል አልኳት።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ተናገርኩ።

ከቤት ስንወጣ አልነገርኳትም። ቤት ውስጥ ብነግራት ትደብቅልኝ ነበር፤ ልጄን አውቃታለሁ፤ ውሃውን ከፍታ አሸናፊን በሌላ ሰበብ ይቅርታ ብላ የእኔን ስም ታድነው ነበር። አሸናፊ ግን የተወነጀለው በሰው ፊት ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ገና ሳይጠይቁ ተነሣሁ። ቁጭ ብለው ይናገሩ አሉኝ፤ ቆሜ ነው የምናገር አልኩ።

ዓሣዎቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ አልኩ። ድርቆሽና ፉርሽካ እየደበቅኩ አበላኋቸው፤ ልጄ ስትጠይቀኝ ካድኳት፤ መጠኑን ስትቀንስ እኔ ጨመርኩ፤ ይህ ሰው ምንም አላደረገም፤ አይቶኝ ነበር፣ ስለ ሽበቴ ብሎ ዝም አለ፤ እኔ ግን ስለ ማሳው ብዬ አልተናገርኩም። ይህንኑ ነው ያልኩት፤ ማስጌጫ አልጨመርኩበትም። ከዚያ አሸናፊ እግር ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ደንግጦ ክንዴን ያዘኝ። እንዲህ አያድርጉ እማማ፣ እኔ አፍራለሁ አለ።

አቶ ደምሴ ብዙ አላሉም። ውሃው ዛሬውኑ ይከፈት፣ የጠፋውን ሽንኩርት ሁለቱ ቤቶች ተነጋግረው ይካካሱ አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው መረቁን። ሄራን ምርቃቱን አሜን አለች፤ እኔን ግን አላየችኝም።

ጆንያዎቹን ብቻዋን ጎትታ ቦዩን ከፈተች። ላግዛት ብል በእጇ ከለከለችኝ። ውሃው በፊላው መሐል ቀስ እያለ ወደ ማሳው ሲወርድ ቆማ አየች። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣

«እኔ እኮ የማውቀው ሁሉ ውሸት የሆነ መስሎኝ ነበር» አለች። «ሁለት ሳምንት ሙሉ። ከጎኔ ተኝተሽ ነበር እማዬ።»

የአባቷ ነገር፣ ያ የማንኪያው ነገር ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። እሱን ብናገር ልታዝንልኝ ነው፤ ዛሬ ሊታዘንልኝ አይገባም።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ከእጄ አትበላም። አልጮኸችም፣ በር አልዘጋችም፤ ደህና አደርሽ ትላለች፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው ትላለች። ግን ራሷ ዳቦ ገዝታ ትመጣለች፤ ኩሬው ዳር ቁጭ ብላ ትበላለች። ይህ ከስድብ ይብሳል። ድሮ ቢሆን ሳሕን ይዤ እከተላት ነበር፤ በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ እያልኩ። ዛሬ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ።

ከበርሜሉ ጀርባ የቀረውን ፉርሽካ አውጥቼ በሩ ፊት አስቀመጥኩላት። ለላይኛው ኩሬ መኖ ቀላቀለችው፤ በልኩ።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ፣ ሆሳዕና

ከአሸናፊ ሽንኩርት ወደ ግማሽ የሚሆነው ተነሣ፤ የቀረው ቀረ። ሄራን የታችኛውን ኩሬ ውሃ ወደ ፊላው ቦይ አስወጥታ ታች የተከማቸውን ጥቁር አተላ ከአሸናፊ ጋር እያፈሱ ባዶው የሽንኩርት መደብ ላይ በተኑት። ማዳበሪያ ነው። እኔ ያበላሁት ድርቆሽ መሆኑ ነው፤ ማንም አላነሣውም። ኩሬው አሁን ደርቆ ለፀሐይ ተሰጥቷል።

የአዲስ አበባዎቹ ደወሉላት። ውጭ ወጥታ ነው ያነጋገረቻቸው። ምን እንዳለቻቸው አልጠየቅኩም። በሕይወቴ ይህን ያህል የከበደኝ ዝምታ የለም።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ሄራን ባዶውን ኩሬ ውሃ መሙላት ጀመረች፤ እንደ በፊቱ ጥቂት ጥቂት። ሩት ናት የነገረችኝ፤ ከበዓል በኋላ የዓሣ ጫጩት ልታስመጣ ነው አለችኝ። ካለፈው ቁጥር ያነሰ። ለእኔ ያልነገረችኝን ለሩት መንገሯ አላስከፋኝም። አስከፍቶኛል። ግን ልትቀር ነው፤ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አደርኩ። ዶሮውን ትናንት ሠርቼ ጨርሼ ነበር፤ አሥራ ሁለቱንም ብልት፣ አባቷ እንደሚወደው ቅመሙን በደንብ አድርጌ። አሸናፊና ሩት መጡልን፤ በልተው መርቀው ሄዱ። ሄራን ያን ጊዜ የላይኛው ኩሬ ጋ ነበረች።

ዘግይታ ገባች። እጇን ታጠበች። ገበታው እንደተከደነ ነበር። እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ፤ እጄን በእጄ ይዤ። ጉርሻ ልጠቀልል እጄ በራሱ ሊነሣብኝ ነበር፤ በሌላው ያዝኩት። ራሷ ክዳኑን አነሣች፣ ራሷ አወጣች። አንድ እንቁላል፣ ትንሽ ወጥ። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

እንኳን አደረሰሽ እማዬ አለችኝ፤ መብላት ጀመረች። ያወጣችው በጣም ትንሽ ነው፤ ለወፍ እንኳን አይበቃም። ጨምሪ አላልኳትም።